ስድስት ቅዳሜ ከጡረተኞች ጋር፦ ስለ አንድ የአገልግሎት ሥልጠና

በሒሳብ ሠራተኝነት ኖሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በሰፈራችን የሚገኝ አንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ለጡረተኞች ያዘጋጀውን የአገልግሎት ሥልጠና ተከታትያለሁ። ሥልጠናው ስድስት ቅዳሜ የሚፈጅ ሲሆን፣ ክፍያው ሻይና የመማሪያ ጽሑፉን ጨምሮ 400 ብር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ብቻውን ክፍያውን ያካክሳል። አሠልጣኙ የተነሡት ከዘኍልቍ ምዕራፍ 8 ነበር፤ በዚያ እንደተጻፈው ሌዋውያን ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ በመገናኛው ድንኳን ያገለግላሉ፣ 50 ሲሞላቸውም ከሥራው ይወጣሉ፤ ነገር ግን ወንድሞቻቸውን በጥበቃው እንዲረዱ ታዘዋል። ድንኳኑ በየጉዞው የሚነቀልና የሚተከል፣ ንዋየ ቅድሳቱም በትከሻ የሚሸከሙት ስለነበር፣ የዕድሜ ገደቡ ለምን እንደተቀመጠ መገመት አያዳግትም። ሸክሙ ይቀራል፣ መርዳቱ ይቀጥላል። እኔ አባል በሆንኩበት አጥቢያ የገንዘብ ያዥነቱን ለአንድ ወጣት ላለማስረከብ ሁለት ዓመት ሰበብ ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ነገሩ በቀጥታ የተነገረው ለእኔ መሰለኝ። በዚያው ወር ቁልፉን አስረከብኩ፤ አሁን ወር ሲዘጋ ከጎኑ ተቀምጬ ደረሰኝ አመሳክራለሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሕሙማንን ስለ መጠየቅ ነበር። ያስተማሩን ጡረታ የወጡ ነርስ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አጋጥመው ከመካከላችን አንድ አዛውንትን ጋቢ አልብሰው አስተኙና በየተራ እንድንጠይቃቸው አደረጉ። አብዛኞቻችን ከበላያቸው ቆመን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ጸለይን። ነርሷ ግን ወንበር ወደ ራስጌው አስጠግተው ተቀመጡ፤ «ምን ልጸልይልዎ?» ብለው ጠየቁና ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመብን። ከዚያ የተኙት አዛውንት ልምምድ መሆኑን ረስተው ስለ ልጃቸው መናገር ጀመሩ።

አራተኛውና አምስተኛው ቅዳሜ ግን ደካማ ነበሩ። ወደ ገጠር ስለሚደረግ የወንጌል ጉዞ የተሰጠው ትምህርት ሁሉም ጡረተኛ ትርፍ ገንዘብና ትርፍ ጊዜ አለው ከሚል ግምት የተነሣ ነው፤ ከመካከላችን ግን አበሉ ስለማይበቃው ሥራ የሚፈልግም፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድግም ብዙ ነበር። የመማሪያ ጽሑፉ በመነጽርም የማይነበብ ደቃቅ ፊደል ነው። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑና አሳንሰር ስለሌለው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሁለት እናቶች ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ቀርተዋል።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሥልጠናው ሲያበቃ እያንዳንዳችን የአገልግሎት ምደባ እንደሚደርሰን ቃል ተገብቶልን ሳለ፣ ለሁለት ወር ያህል በደወልን ቁጥር «ዝርዝሩ እየተዘጋጀ ነው» መባሉ ነው። በመጨረሻ ሦስታችን በራሳችን ተስማምተን፣ በሰፈራችን ከአልጋ የዋሉ ሁለት አረጋውያንን ዘወትር ረቡዕ እንጠይቃለን።

የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ሲጀመር መመዝገብ የሚፈልግ ሰው፣ ከመክፈሉ በፊት ምደባውን የሚሰጠው ማን እንደሆነና ትምህርቱ ወደ ምድር ቤት ወርዶ እንደሆነ ይጠይቅ። ሦስተኛዋን ቅዳሜ ግን በምንም ምክንያት እንዳይቀር።