«የመቶ ዓመት ኦክ» ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ያላችሁ፣ አሮጌ የቤት ዕቃ ከኢንተርኔት ማስታወቂያ የምትገዙ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። እኔ ከኦክ፣ ማለትም ከጠንካራ የእንጨት ዓይነት፣ የተሠራ አሮጌ ጠረጴዛ ነው ተብዬ 850 ዶላር ተበልቻለሁ። ነገሩን ዋጥ አድርጌው ነበር። ግን በዚህ ሳምንት ያው የሸጠልኝ ሰውዬ፣ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ያነሳውን የሌላ ጠረጴዛ ፎቶ ለጥፎ አየሁ።

ለእኔ «የአያቴ ነው፣ ከ1910 ጀምሮ ቤታችን የኖረ ንጹህ ኦክ» ነበር ያለኝ። ጠረጴዛው ያምራል። ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ የተበላ፣ እዚህም እዚያም ጭረት ያለው። የጋራዡ መብራት ደከም ያለ ነበር። ከፈልኩና ጫንኩት።

ለፋሲካ እናቴ የላከችልኝን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አለበስኩት። ልጄ ውሃ ደፋበት። ጨርቁን ሳነሳው ከስሩ ሻይ የተደፋበት መስሎ ቡናማ ሆኗል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሳደርገው ቀለሙ ይለቃል። መሳቢያውን ስስበው ደግሞ የአቼቶ ሽታ መጣብኝ።

አናጺ ጓደኛዬ ሽታውን ሲሰማ ወዲያው ገባው። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አቼቶ ውስጥ ይዘፈዘፍና ውሃው አዲስ ኦክ ላይ ይቀባል። ኦክ ውስጥ ታኒን አለ፤ ቆዳ የሚለፋበት ነገር ነው። ብረቱና ታኒኑ ሲገናኙ እንጨቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል። ከላዩ ቡናማ ማቅለሚያ ተደርቦበታል፤ የሚይዘው ቫርኒሽ ግን አልተቀባም።

አዲስ ኦክን አሮጌ ማስመሰል በራሱ ነውር አይደለም። በ1900ዎቹ መጀመሪያ እንደ ጉስታቭ ስቲክሊ ያሉ የአሜሪካ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ኦኩን ዝግ ቦታ አስገብተው በአሞኒያ ያጥኑት ነበር። ቀለሙ እንጨቱ ውስጥ ስለሚገባ በውሃ አይለቅም። አዲስ ነው ብሎ በአዲስ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ጓደኛዬ ጠረጴዛውን ሲገለብጠው ግን አፈርኩ። ሆዱ ገና ከመጋዝ የወጣ ይመስል ነጭ ነው። የእውነት አሮጌ ኦክ ማንም ሳይቀባው፣ አየሩ ብቻ ያጠቁረዋል። ብሎኖቹ በሙሉ የካቻቢቴ መግቢያቸው መስቀል ነው። ይህ ፊሊፕስ የሚባለው ብሎን ገበያ የወጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የ1910 ጠረጴዛ ከየት ያመጣዋል? አንድ ሁለቱ በጥገና የተቀየረ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ከሆነ ግን ጥያቄ የለውም።

ክብ ጠረጴዛ ከሆነ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። እንጨት በዕድሜው ብዛት ወደ ጎኑ ስለሚኮማተር፣ የቆየ ክብ በአንድ አቅጣጫ ሲለካ ትንሽ ጠበብ ይላል። ነጭ ሶፍት አርጥባችሁም የማይታይ ጥግ ላይ አሹት። ሻጩ ከተቆጣ ጥላችሁ ውጡ።

ደግሞ ዕድሜውንና እንጨቱን በቴክስት አስጽፉት። እኔ የያዝኩት የቃል ወሬ ብቻ ነው። ስደውልለት አያነሳም።