የአባዬን ላዳ ሞተር ያለ ክሬን ለገጠመልን መካኒክ

ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አመነታሁ። ሰውዬው ወሬ አይወድም። «ስሜን እንዳትጽፊ፣ ስልኬንም እንዳትለጥፊ» ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም። ሞተሩ የወረደ መኪና ግቢያችሁ ውስጥ ቆሞባችሁ «ክሬን ካልመጣ አይሆንም» እየተባላችሁ የምትንከራተቱ ካላችሁ ታገሡኝና አንብቡ።

አባዬ የላዳ ታክሲ ሹፌር ነበር። ሰማያዊና ነጯን። እኛን ሁላችንን ያስተማረችን እሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ስለተያዘ መንዳት አቆመ። ጠዋት ጠዋት ግን ከዘራውን ይዞ ይወጣና ላዳዋ ውስጥ ይቀመጣል። ሬዲዮ ይከፍታል። ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ያዳምጣታል። የሰፈር ልጆች «ጋሼ፣ ፒያሳ ስንት ነው?» ይሉታል። «ላንተ በነጻ ነው፣ ግባ» ይላቸዋል። ቀኑ የሚጀምረው እንደዚያ ነው።

ታዲያ ወንድሜ አንድ እሁድ ይዟት ወደ እንጦጦ ወጣ። የራዲያተሩን ውሃ አላየም። ዳገቱ መሀል ላይ ጢስ በጢስ ሆነች፣ ቆመች፣ አበቃ። ሞተሩ ተቃጥሏል ተባልን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳስታውስ አሁንም ይቆጨኛል። የወሰድንበት ጋራዥ «በአንድ ሳምንት እናደርሳለን» ብሎ 15 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበለን። አራት ወር ፈጀ። በደወልኩ ቁጥር «እቃ እየጠበቅን ነው»። አመንኳቸው። ምክንያቱም ፋብሪካው እነዚህን የድሮ ላዳዎች መሥራት ካቆመ ቆየ፣ በፈረንጅ 2012 ነው ያቆመው። ይጠፋል ብዬ። በኋላ ራሴ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርጄ ስጠይቅ ባለሱቁ ቀና እንኳን ሳይል እቃውን ከመደርደሪያ አውርዶ ሰጠኝ። ይዤው ሄድኩ። እንዲያም ሆኖ ሞተሩን አላስገቡልንም። «ቦታ ጠቦናል፣ እቤት መጥተን እንገጥመዋለን» አሉና ላዳዋን በገመድ ጎትተው ግቢ አስገቧት። ሞተሩን በፒካፕ አምጥተው በሩ ላይ ጥለውት ሄዱ። ጥለውት ነው የምላችሁ። ከዚያ ወዲያ ስልክ ማንሳት ተዉ።

ፈረንሳይ ለጋሲዮንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መንገዱ ዳገት፣ መግቢያው ጠባብ፣ በራችን ደግሞ ላዳዋን ራሷን መስታወቷን አጥፋ ነው የሚያስገባት። ከበሩ እስከ መኪናዋ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ሃያውም ሽቅብ።

ጫኝና አውራጆች ጠራን። የጠየቁትን ገንዘብ ብነግራችሁ ሶፋ፣ ፍሪጅና አልጋ ያስወጣል። ተከራክረን ግማሹን ከፈልን። ሞተሩን በገመድ ጠፍረው፣ እንጨት አግብተው ብድግ ሲያደርጉት ገመዱ የታሰረበት ነገር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሞተሩ ዷ ብሎ ወረደ። የወንድሜ እግር የዳነው በአንድ ስንዝር ነው። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አደገኛ ሥራ ስለሆነ ዋጋ ይጨመር!» እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታ ስትቆጣቸው ሄዱ። ብሩም አብሮ ሄደ።

ክረምቱን ሙሉ ሞተሩ ላስቲክ ለብሶ በሩ ላይ ከረመ። እንግዳ ሲመጣ በጎን ነው የሚገባው። አባዬ መውጣት ተወ። ጠዋት በመስኮት ያይና ፊቱን ያዞራል። እማዬ «ለቁራሌው ስጡትና ይውጣልኝ» ማለት ጀምራ ነበር፣ አልፈርድባትም።

ሰውዬውን የጠቆመችን ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትሸጠው እናት ናት። የልጇን ሚኒባስ ሠርቶላታል።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። አንድ ረዳት ልጅና አንድ ማዳበሪያ ይዞ። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው የተቆራረጠ የውሃ ቧንቧ፣ ገመድ፣ አጭር ሰንሰለትና የእንጨት ፍልጥ ነው። ተስፋዬ እዚያው ላይ ሞተ።

«ክሬኑስ?» አልኩት።

«ክሬን በዚህ በር ይገባል እህቴ?» አለኝና ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምንም አለመንካት ነው። ሞተሩን ዞረው። መሬቱን አየ። ከበሩ እስከ ላዳዋ እየተራመደ ጠጠር ለቀመ። ከዚያ ዲናሞውን፣ ሞተሪኖውን፣ ዙሪያው ላይ የሚፈታውን ሁሉ ፈታው። «ይቺ ከኩንታል በላይ ናት» አለን። «ኩንታል ጤፍ አንድ ጎረምሳ በጀርባው ይሸከማል። ጤፍ ይታቀፋል። ይቺ መያዣ የላትም፣ ዘይት ናት፣ ክብደቷም ወዳንድ ወገን ነው። ስለዚህ አንሸከማትም።» የቀድሞዎቹ ገመድ ያሰሩበትን የተሰበረ ቦታ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሞተር የሚነሳበት ጆሮ አለው፣ በአፍንጫው አይነሳም» አለ። ወንድሜ እስካሁን ይሄን እያነሳ ይስቃል።

ከዚያ ደንብ አወጣ። ነጠላ ጫማ ማውለቅ፣ ሽፍን ጫማ ማድረግ። ቀለበት ማውለቅ። ሕጻናት ወደ ቤት። ማንም እጁንም እግሩንም ከሥር አያስገባም። «ብትወድቅ ትውደቅ» አለ። «ማንም እይዛለሁ እንዳይል። ብረት ይበየዳል።» እነዚያኞቹ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ቃል አልወጣቸውም።

እንግዲህ ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። አባዬ በረንዳው ላይ ወጥቶ ቆሞ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ወር በኋላ። ሰውዬው አየው። ሥራውን ትቶ ሄደና እጅ ነሳው። ከእማዬ በርጩማ ተቀብሎ በሩንም ላዳዋንም እኩል የሚያሳይ ቦታ ላይ አኖረና «ጋሼ፣ እርስዎ ይምሩን። እኔ ጎንበስ ስል አይታየኝም። ሂድ ካላሉኝ አልሄድም» አለው።

ሞተሩን በአጠና ፈንቀል እያደረጉ ጣውላ ላይ አወጡት። ከጣውላው ሥር ሦስት ቧንቧ። ሲገፋ ይንከባለላል፣ ከኋላ የወጣውን ቧንቧ ረዳቱ ያነሳና ከፊት ያስገባዋል። ዳገቱ እንዳይመልሰው ገመድ ከሞተሩ ወደ ላይ ሄዶ የበረንዳው ብረት ምሰሶ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል። ጫፉን የያዝኩት እኔ ነኝ! ሁለት ዙር ከተጠመጠመ ልጅም ይይዘዋል አለኝ፣ እውነትም ሳብ እያደረግኩ ያዝኩት። ወንድሜ ደግሞ ከኋላ ታኮ ያስገባል።

አባዬ በርጩማው ላይ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ቀጠን ብሎ ነበር። «ሂድ» አለ። ሰውዬው ገፋ። «ሂድ… ሂድ… ቀኝ ስጠው… ሂድ… በቃ! ታኮ!» ያ በደህናው ቀን ሰው መኪና ሲያቆም የሚያግዝበት ድምፁ ነው። በደህናው እጁ እየመታ። አንዴ ሰውዬው ሳይታዘዝ አንድ ስንዝር ቢያልፍ «አንተ ልጅ! በቃ አላልኩህም?» ብሎ ጮኸበት። ሰውዬው፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ትልቅ ሰው፣ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ አንድ ስንዝር መለሰው። ገመዱን ይዤ እንባዬ ወረደ፣ መጥረጊያ እጅ አልነበረኝም።

ሃያዋ እርምጃ ሃምሳ ደቂቃ ወሰደች። ማንም አላላበውም።

ማስገባቱን ቶሎ ልለፈው፣ ግማሹም አልገባኝም። ኮፋኖውን ነቀሉ፣ ራዲያተሩን አወጡ። በላዳዋ በራሷ ክሪክ ሞተሩን ትንሽ ያነሳል፣ ከሥሩ ጣውላ ይጨምራል፣ እንደገና ትንሽ ያነሳል፣ እንደገና ጣውላ። የጣውላው ክምር የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ደረሰ። ያኔ ነው ሰንሰለቱን ጆሮዎቹ ላይ አስሮ አጠና ያስገባው። ከጎረቤት ሁለት ጎረምሳ ተጨመረ፣ አራት ሆነው ከግራና ከቀኝ ተሸከሙት። ሰው የተሸከመው እንግዲህ ያቺን ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። «ዝቅ… ዝቅ… ቀስ…» አባዬ ነው። ከካምቢዮው ጋር እንዴት እንዳገናኘው አትጠይቁኝ። ሥር ገብቶ ተኛ፣ ብረት ተንኳኳ፣ «እሺ» አለ።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቁልፉን ለወንድሜ ሊሰጠው ነው ስል ለአባዬ ወስዶ ሰጠው። አባዬ ከፈተ። ሳለች፣ ሳለች፣ ተነሳች። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሰርግ መስሎት ወጣ።

የጠየቀን ገንዘብ ጫኝና አውራጆቹ ለሃያ እርምጃ ከጠሩት ያንሳል። ልጨምርልህ ስለው «የጋሼን ድርሻ ቀንሼ ነው» አለኝ። በሳምንቱ ሳንጠራው መጥቶ ቡሎኖቹን አጠባብቆ፣ ቡና ጠጥቶ ሄደ። ሳንጠራው!

እባካችሁ እንዲህ ያለ ሰው ሥራ አይጣ። ጋራዥ የለውም፣ ምልክት የለውም፣ ማዳበሪያ ነው ያለው። ሞተር ማውረድም፣ መግጠምም፣ ካለበት ማንቀሳቀስም ቢሆን መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። አይሆንም ካለም አይሆንም ይላችኋል፣ ቀብድ አይበላም። አዲስ አበባ ውስጥ የትም ይመጣል፣ ታክሲውን ብቻ ቻሉት።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ እንዳትደውሉለት፣ በጊዜ ነው የሚተኛው። ውሃና ቡና አቅርቡለት። ቤት ውስጥ ሽማግሌ ካለ ደግሞ በርጩማ አውጡ።