ማክ ወይስ ዊንዶውስ? ደብረ ብርሃን ላይ ቪዲዮ ለሚቆርጥ ሰው

ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሰርጉ አያባራም። እኛ ቪዲዮ የምንቆርጥ ሰዎች ያን ጊዜ እንቅልፍ የለንም። «ማክ ልግዛ ወይስ ዊንዶውስ?» የሚለው ጥያቄም ጥር ሳይደርስ ይመጣብኛል።

ድሮ መልሱ አንድ ነበር። ኤዲተር የአፕልን ኮምፒውተር ማክን ይይዛል፣ የአፕልን የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም ፋይናል ከትን ይከፍታል፣ አለቀ። ነገሩ የተበላሸው በፈረንጆቹ 2011 ነው። አፕል ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስን አወጣ። አዲሱ በቀድሞው ፋይናል ከት 7 የተሠራ ፕሮጀክት አይከፍትም። የበርካታ ካሜራ ምስል አንድ ላይ የሚቆረጥበት መልቲካምም አልነበረውም። ሰርግ በሦስት ካሜራ ለሚቀርጽ ሰው አስቡት! ይባስ ብሎ አሮጌውን መሸጥ አቆሙ። መልቲካሙ በ2012 መጀመሪያ ተመለሰ፤ የተቀየመው ግን ብዙ ነበር።

በ2013 ደግሞ ጥቁሩ ክብ ማክ ፕሮ፣ የአፕል የባለሙያ ዴስክቶፕ፣ መጣ። ያምራል፤ ግን ውስጡ እንደ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያቀነባብር ክፍል) ያለ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት ቦታ የለም። ለዓመታት ሳይታደስ ቆየ። በ2017 የአፕል ኃላፊዎች ራሳቸው ዲዛይኑ በሙቀት ምክንያት አላፈናፍን እንዳላቸው አመኑ። የ2019ኙ እንደልብ የሚከፈት ሆኖ መጣ፤ ዋጋው ግን ከ5,999 ዶላር ይጀምር ነበር። እስከዚያ ብዙው ሰው ወደ ዊንዶውስ ሄዷል።

ታዲያ ዛሬስ? ለእኛ ዋናው ነገር መብራት ነው። ዴስክቶፕ ከትልቅ ግራፊክስ ካርድ ጋር ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ከሌለው መብራት ሲሄድ ሬንደሩ፣ ማለትም የተቆረጠውን ቪዲዮ አንድ ፋይል አድርጎ ማውጣቱ፣ ገደል ይገባል። የአፕል የራሱ ፕሮሰሰር፣ ኤም ቺፕ፣ ያለው ማክቡክ ላፕቶፕ ትንሽ ኃይል ነው የሚፈልገው፤ በባትሪው ይቀጥላል። ሙሽሮቹን ተከትሎ ሸዋ ሮቢት ቆላ ለሚወርድም ይመቻል። (ደብረ ብርሃን ላይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዴስክቶፑ ማታ ማታ እንደ ምድጃ ያሞቃል።)

ማክ የሚሸነፈው ውስጡን ልቀይር ሲባል ነው። የአዲሶቹ ማክቡኮች ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ) አይቀየርም። 8 ጊጋ ገዝታችሁ ነገ ልጨምር ብትሉ የለም። ዴስክቶፕ ላይ ግን ዘንድሮ ራሙን፣ ከርሞ ካርዱን እየቀየሩ መኖር ይቻላል።

የመቁረጫ ፕሮግራሙ ያን ያህል አያጣላም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሁለቱም ይሠራል፣ ነፃም አለው፤ የሚከፈልበት 295 ዶላር አንዴ ነው። ፕሪምየር በየወሩ ዶላር ይፈልጋል። ፋይናል ከት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ እኔ በ2011 ከተደረገው በኋላ ኑሮዬን እሱ ላይ አልጥልም።

ስለዚህ፦ ቢሮ ካላችሁና ቦታ ካልቀየራችሁ ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ግዙ። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለበትን ተዉት፤ የውስጥ ግራፊክስ ስለሌለው የካሜራ ቪዲዮ ሲያጫውት የሚያግዘውን አካል ታጣላችሁ። የምትንቀሳቀሱ ከሆነ የ2021 ማክቡክ ፕሮ ኤም 1 ፕሮ፣ ያገለገለም ቢሆን። ትንሹ ራሙ 16 ጊጋ ነው። በ2016 ያነሡትን የካሜራ ካርድ ማስገቢያም እዚህ ላይ መልሰውታል። ከ2016 እስከ 2019 አጋማሽ የወጡትን ግን በርካሽ ቢሰጧችሁም እለፏቸው፤ ኪቦርዳቸው ያስቸግራል።

ያገለገለ ስትገዙ የራሳችሁን የካሜራ ካርድ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አጫውቱት። የሻጩ የአፕል አካውንት ከማሽኑ መውጣቱንም ብሩን ሳትቆጥሩ አረጋግጡ።