የቤውሬጋርድ ስኳር ድንች ቡቃያ በሚኒሶታ ጓሮ

በወላይታ ላደገ ሰው የስኳር ድንች ተከላ ገንዘብ የሚወጣበት ጉዳይ አይደለም፤ ከጎረቤት ማሳ ሐረግ ቆርጦ መሬት ውስጥ መቅበር ነው። አሁን በምኖርበት በሚኒሶታ ግን የበረዶው ወራት ሐረጉን ጨርሶ ስለሚገድለው፣ ከተከማቸ ሥር ላይ የወጣ ቡቃያ በፖስታ ማዘዝ የተለመደ ነው። ባለፈው ዓመት ቤውሬጋርድ የተባለውን ዝርያ 25 ቡቃያ አዝዤ ተክያለሁ፤ ዝርያውና ላኪው ድርጅት ግን እኩል ምስጋና አይገባቸውም።

ዝርያው በሞቃታማዋ ሉዊዚያና ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበሬዎች የቀረበ ሲሆን፣ ከ90 እስከ 100 ባሉት ቀናት ውስጥ ስለሚደርስ ውርጭ ሳይቀድመው ይሰበሰባል። በጁላይ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ የቲማቲሞቼ አበባ ሲረግፍ፣ የስኳር ድንቹ ሐረግ ይበልጥ እየተንሰራፋ ከመደቡ ወጥቶ መተላለፊያውን ሸፈነው። ቅጠሉም እንደ ጎመን ተሠርቶ ይበላል፤ ይህንን የሰፈሩ ጥንቸሎች ከእኔ ቀድመው ደርሰውበታል።

ላኪው የተሳሳተው በጊዜው ላይ ነው። ቡቃያው አፈሩ ቢያንስ 18 ዲግሪ ሳይሞቅ መተከል የሌለበት ሆኖ ሳለ፣ ጥቅሉ በሜይ አጋማሽ ጠውልጎና ገርጥቶ ደረሰኝ፤ ሥሩን ውኃ ውስጥ ነክሬ ለሁለት ሳምንት በመስኮት አጠገብ ባቆየውም አራቱ ሞቱ። መደቡን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌና በጥቁር ላስቲክ ሸፍኜ አፈሩን ስላሞቅሁት የቀሩት 21 በሙሉ ያዙ። አብሮ የመጣው መመሪያ ግን ስለ ላስቲኩም ሆነ ፍግ ሲበዛ ሐረጉ ብቻ እንደሚፋፋ አንዲት ቃል አልጻፈም።

ይበልጥ ያስከፋኝ ከአዝመራ በኋላ ስላለው ሥራ ዝም ማለቱ ነው። ገና የተቆፈረ ስኳር ድንች ጣፋጭ አይደለም፤ በ29 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና በከፍተኛ እርጥበት ለአንድ ሳምንት ያህል ሲቆይ የቆዳው ቁስል ይደርቃል፣ ጣዕሙም እየዳበረ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ቦታ ለወራት ይቀመጣል። ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያዎቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቼ፣ ሲቀቀሉ መሐላቸው አልበስል ብሎ ጠንክሮ ቀረ፤ የቀሩትን በማሞቂያው ክፍል በካርቶን አድርጌ ከእርጥብ ፎጣ ጋር ሳቆያቸው ግን እጅግ ጣፈጡ።

የአገር ቤቱን ነጭና ደረቅ ስኳር ድንች የሚናፍቅ ሰው ብርቱካናማው ቤውሬጋርድ ውኃ ሊበዛበት ይችላል፤ ለእኔም እንደዚያው ነው፣ ልጆቼ ግን ይህንኑ ይመርጣሉ። ዝርያውን ዘንድሮም እተክላለሁ፤ ቡቃያውን ግን ካስቀመጥኋቸው ሁለት ጤነኛ ድንቾች ራሴ አበቅላለሁ፣ ከዓመት ዓመት በሽታ ስለሚከማችበትም በየጥቂት ዓመቱ ከበሽታ የጸዳ ቡቃያ ከሌላ ላኪ፣ በጁን መጀመሪያ እንዲደርሰኝ አስቀድሜ ተስማምቼ እገዛለሁ።