አያት ጫፍ ላይ ኦፔራ ሰምቼ መጣሁ

ቅዳሜ የአንዲት ወጣት ሶፕራኖ (በቀጭኑ የሴት ድምፅ የምትዘፍን) የመጀመሪያ ሪሳይታል፣ የብቻዋ ኮንሰርት ማለት ነው፣ አለ ሲባል፣ ቦታው አያት ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታም አለፍ ብሎ መሆኑን ሳይ ኦፔራና አያትን ምን አገናኛቸው ብዬ ስቄ ነበር፣ ግን ትኬቱ 500 ብር ነው እኔም ሰሚት ነው የምኖረው፣ ሄድኩ። ፖስተሩ ኮንሰርት አዳራሽ ይበል እንጂ የለየለት የሰርግ አዳራሽ ነው፣ ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ከኋላቸው ሪቫን እንደታሰረ፣ የሙሽሮቹ ሶፋም መድረኩ ላይ ወደ ጥግ ገፋ ተደርጎ። 11 ሰዓት የተባለው 12 ከሩብ ጀመረ፣ እሱን ለምደነዋል።

የምር ያናደደኝ ሳውንድ ማኑ ነው። ኦፔራ እኮ ያለ ማይክ ነው የሚዘፈነው፣ ሙያው ራሱ እሱ ነው፣ ሙሉ ኦርኬስትራ እየተጫወተ በባዶ ድምፅ መጨረሻ ወንበር ድረስ መሰማት። ሰውየው ግን ማይክ ገተረላት፣ ያውም "ሙሽሮቻችን እየገቡ ነው" የሚባልበትን ኢኮ ሳይቀንስ። መክፈቻው ከሞዛርት "የፊጋሮ ጋብቻ" ኦፔራ ሱዛና በጨለማ አትክልት ቦታ ውስጥ ሆና የምትዘፍነው ነበር፣ ለስለስ ያለ ነገር ነው፣ እኛ ጆሮ የደረሰው ግን አንዱ ቃል ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ፣ ድምጿ ከፍ ሲል ደግሞ ስፒከሩ ሲጢጥ እያለ። ልጅቷ ከማይኩ ለመሸሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ደግሞ አንድ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ልትል ምንም አልቀራት። አጃቢዋም ኪቦርድ ነው የሚጫወተው፣ ፔዳሉ ሴራሚኩ ላይ እየተንሸራተተ በእግሩ ሲያባርረው አመሸ።

ከእረፍት ስንመለስ ራሷ ስታንዱን ብድግ አድርጋ ሶፋው ላይ አስተኛችውና ዘፈነች። ወይ ጉድ! ሌላ ሰው ነው የሚመስለው፣ መጋረጃውና ምንጣፉ ድምፅ እየዋጠ እንኳን አስራ ምናምነኛው ረድፍ ላይ ትንፋሿን ስትስብ ይሰማኛል።

የፑቺኒን ስትጀምር፣ ያ ማስታወቂያ ላይ ሁሉ የምንሰማው፣ አጠገቤ የተቀመጡ እማማ ጠጋ ብለው "አንተ፣ ማን ሞቶባት ነው?" አሉኝ። "ኧረ ማንም አልሞተባት እማማ፣ አባቷን እያባበለች ነው፣ የምወደውን ልጅ ካላገባሁ ድልድይ ላይ ሄጄ ወንዝ እገባለሁ እያለች ነው።" "አይ፣ ሞልቃቃ ናታ!" በሳቅ ሞትኩ ግን ልክ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ኒውዮርክ ላይ የተከፈተ ኮሜዲ ነው፣ ልጅቷ እንደ ሙሾ አወረደችው እንጂ ሙልቅናው ብዙም አልታየባትም።

ከዛ አይዳ። ለማታውቁ፣ አይዳ ግብፅ ውስጥ ተማርካ ባሪያ የሆነች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፣ ቬርዲ የጻፈው ለካይሮ ኦፔራ ቤት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1871 ላይ። ያስጻፈው የግብፅ ገዢ ከዲቭ ኢስማኤል አራት ዓመት ቆይቶ ጦሩን ላከብንና አፄ ዮሐንስ ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎም ጉራ ላይ ምን እንዳደረጉት ታውቃላችሁ። አይዳ አባይ ዳር ቆማ አገሬ ሆይ ዳግም አላይሽም የምትለውን እዚሁ አዲስ አበባ ጫፍ፣ በኢትዮጵያዊት አፍ መስማት በቃ ሌላ ስሜት አለው። ያቺ የምትፈራዋ ላይኛዋ ዶ ጋ ስትደርስ ዘፈኑ ሳያልቅ እልልታው ቀለጠ፣ አጃቢው እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ ጠበቀ። እውነቱን ለመናገር ግን ኖታዋን በጉልበት ነው የያዘቻት፣ ቬርዲ የፈለገው በለስላሳው ነበር። አይዳ ከባድ ሚና ናት፣ የልጅቷ ድምፅ ደግሞ ገና ቀላልና ብሩህ ነው፣ ጊዜ ብትሰጠው ደስ ይለኛል።

ማሳረጊያው እሹሩሩ ነበር፣ ያለ ኪቦርድ። የመጀመሪያው ዙር በጣም ያምራል፣ ሁለተኛው ላይ ግን ኦፔራዋን መልሳ አመጣችው፣ በዛ ድምፅ የተኛም ይነቃል።

ለአዘጋጆቹ፦ የሰጣችሁን ወረቀት ሙሉ በሙሉ ጣሊያንኛ ነው፣ በየዘፈኑ ሁለት መስመር አማርኛ ምን ነበረበት? ሽንት ቤቱም ውሃ የለውም። ሌላ ቀን የምትሄዱ ደግሞ ከመድረኩ በስተቀኝ ካለው ስፒከር ራቁ፣ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላም ታክሲ ስለሚጠፋ ራይድ አስቀድማችሁ ጥሩ።

እማማን ደረጃውን ይዤ ሳወርዳቸው የትኛውን ወደዱት አልኳቸው፣ አይዳን የሚሉ መስሎኝ።

"ያቺ ሞልቃቃዋ ትሻለኛለች" አሉኝ።