ሻይ በቪክቶሪያ ዘመን ክፍል፦ የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ካፌ

ለንደን የሚመጣ ሰው የቪክቶሪያ ዘመን (ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን የገዛችበት ዘመን) ሕንፃ አሳዩኝ ሲል ብዙዎች ሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያን ይጠቁሙታል። ያምራል፣ አልክድም። እኔ ግን መጀመሪያ የምልከው ሳውዝ ኬንሲንግተን ነው፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ወዳለው ካፌ። እዚያ ሕንፃውን አንጋጣችሁ አይታችሁ ብቻ አትሄዱም፤ ውስጡ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ትጠጡበታላችሁ። መግቢያው ደግሞ በነፃ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በዓለም የመጀመሪያው የሙዚየም ምግብ ቤት ይሄ ነው። የሙዚየሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሄንሪ ኮል ተራው ሠራተኛም መጥቶ ጥሩ ነገር ይይ የሚል ሰው ነበር፤ ቀን ሥራ ላይ የሚውለው ሰው እንዲደርስበት ብሎ ሙዚየሙን በጋዝ መብራት ማታም ክፍት አደረገው። የመጣ ሰው ደግሞ ይርበዋል። ስለዚህ የዘመኑን ጎበዝ ባለሙያዎች ጠርቶ ሦስት የምግብ ክፍሎች አሠራ። ጊዜው ጊዜ ነውና ሜኑው በመደብ የተከፋፈለ ነበር፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ለሠራተኞች ደግሞ ሦስተኛ። ዛሬ ሁሉም ትሪውን ይዞ አንድ ላይ ነው የሚሰለፈው፣ ይሄ በጣም ደስ ይለኛል።

መሃለኛው የጋምብል ክፍል ይባላል። ጎድፍሬይ ሳይክስ ጀመረው፣ እሱ በ1866 ሲሞት ጄምስ ጋምብል ጨረሰው። ስትገቡ ዓይናችሁ የት እንደሚያርፍ ይጠፋችኋል። ግድግዳውም ዓምዱም በቢጫ፣ በነጭና በአረንጓዴ ሴራሚክ ተሸፍኗል፤ ኮርኒሱ ሳይቀር ኢናሜል የተቀባ ብረት ነው፣ እናቶቻችን ቤት ያለው ባለ አበባ የብረት ሳህን የተቀባውን ዓይነት። ይሄ ሁሉ ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምግብ ቤት ነው፣ ጭስና ቅባት አለ፣ ሴራሚክ ደግሞ በውሃ ይታጠባል፣ እሳትም አይበላውም። የዚያ ዘመን ሰዎች የምወድላቸው ይሄንን ነው፤ ለወጥ ቤት የሚሆን ዕቃ መርጠው እሱኑ ቤተ መንግሥት አስመሰሉት።

ቀና ብላችሁ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን የሚሄደውን ጽሑፍ ተከተሉት። ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 2 ቁጥር 24 ነው፣ ሰው ከመብላትና ከመጠጣት፣ በድካሙም ነፍሱን ደስ ከማሰኘት የሚሻለው የለም የሚለው። ጥቅሱ አልቆ ቦታ ስለተረፈ መጨረሻው ላይ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ ብለው ሞልተውታል። እውነቴን ነው፣ ሄዳችሁ እዩት።

ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ጠባብ ናቸው። የፖይንተር ክፍል ሰማያዊ ነው። ወራትና ወቅቶች የተሳሉበትን ሴራሚክ የቀቡት ከሙዚየሙ ጋር የነበረው የዲዛይን ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች ናቸው፤ በዚያ ዘመን ለሴት እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ መስጠት የተለመደ አልነበረም። ሥጋ ይጠበስበት የነበረው የብረት ምድጃም እስካሁን እዚያው አለ። የሞሪስ ክፍል ደግሞ አረንጓዴ ነው፣ ከሦስቱ የኔ ምርጫ። ታዋቂው ዲዛይነር ዊልያም ሞሪስ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ እያለ ድርጅቱ የተቀበለው ሥራ ነው፣ በ1868 ያለቀ። የግድግዳው ልስን ላይ የወይራ ቅርንጫፍ አለ፣ ከታች በወርቅ መደብ የተሳሉ ሰዎች፣ መስኮቱ ላይ የሠዓሊው በርን ጆንስ ሥዕሎች። ብርሃኑ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ለወሬ ይመቻል። ጋምብል ክፍል ውስጥ ግን ሴራሚኩ ድምፅ ስለማይውጥ ሰው ሲበዛ ጫጫታው ይበረታል።

ምግቡስ? ስኮን የሚባለውን ትንሽ የእንግሊዝ ዳቦ በክሬምና በማርማላታ ከሻይ ጋር ያዙ፣ በቂ ነው። ትኩስ ምሳም ሰላጣም አለ፣ ዋጋው የለንደን ዋጋ ነው። የምትከፍሉት ግን ለክፍሉም ጭምር ነው ብዬ ስለማስብ አይቆጨኝም።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የሞሪስ ክፍል ያለቀበት 1868 ለእኛ 1860 ዓ.ም. ነው፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የወደቁበት ዓመት። ከዚያ የተዘረፈው የወርቅ ዘውድ፣ ጽዋው፣ የእቴጌዋ ቀሚስ በዚሁ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ናቸው። በ2018፣ 150ኛ ዓመቱን አስመልክቶ ሙዚየሙ ለብቻቸው ትርኢት አዘጋጅቶላቸው ነበር፣ ዳይሬክተሩም ለረጅም ጊዜ በውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ ይችላሉ ብሎ ነበር። ጨርሶ ለመስጠት ግን ሙዚየሙ ስብስቡን አሳልፎ እንዳይሰጥ የሚከለክለው የ1983ቱ ሕግ ይይዘናል ይላሉ። ሕጉን ያወጣው ፓርላማ ነው፣ ሊቀይረውም ይችላል። ንብረታችን ነው፣ ይመለስልን። ክፍሎቹን አደንቃለሁ፣ ይሄንንም እላለሁ፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዝብኝም። ስትሄዱ የመቅደላ ዕቃዎች የት እንዳሉ መረጃ ጠረጴዛው ላይ ጠይቁ። ሐበሻ ጠያቂ መኖሩን ይወቁት።

ለመሄድ፣ ሳውዝ ኬንሲንግተን ጣቢያ ወርዳችሁ በምድር ውስጥ መተላለፊያው ቀጥ በሉ፤ እሱም ራሱ የ1885 ሥራ ነው። ከምሳ ሰዓት በፊት ብትደርሱ ሰልፉ ይቀላችኋል፣ ዓርብ ደግሞ ሙዚየሙ እስከ ማታ 4 ሰዓት ክፍት ነው። ሻይ ጠጥታችሁ ወደ ግቢው ውጡና ዞር ብላችሁ የቀይ ጡቡን ፊት እዩት፤ ድሮ ዋናው መግቢያ በዚያ በኩል ነበር፣ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ምግብ ቤቱን ነው። ሞቃት ቀን ከሆነና ልጆች ካሉ ግቢው መሃል ያለው ውሃ ውስጥ መግባታቸው አይቀርም፣ ቅያሪ ልብስ ያዙላቸው።