ዘፈኑ ለማን ነው? መገመት ወይስ ዘፋኟን መጠበቅ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከሰዓት ጫት ላይ ከተቀመጥን አንድ ዘፈን ስለ ማን እንደተዘፈነ ክርክር አይቀርም።

መገመት፦ ወጪ የለውም፣ ጨዋታ ያደምቃል። የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የካርሊ ሳይመንን «ዩ አር ሶ ቬይን» እዩ፤ ስሙን ሳትጠራ ስለ አንድ ጉረኛ ሰው የዘፈነችው ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሰው የሰውየውን ኮፍያና ስካርፍ ሳይቀር እየመረመረ ስንቱን ጠረጠረ! አደጋውስ? እኛ ሰፈር በአንድ ግምት ሁለት ጓደኛሞች ተኳርፈው ከርመዋል።

መጠበቅ፦ አስተማማኝ ነው፣ ግን ትዕግስት ይጨርሳል። ካርሊ ሁለተኛው አንጓ ስለ ተዋናዩ ዋረን ቤቲ መሆኑን ያመነችው በ2015 ነው። 43 ዓመት! ያውም አንዷን አንጓ ብቻ።

ዘፈኑ የሩቅ አገር ከሆነ እንደ ልባችሁ ገምቱ። የምታውቁት ሰው ስም ከተነሳ ግን ዘፋኙ ራሱ እስኪናገር ጠብቁ፤ እስከዚያ ጫታችሁን ቃሙ።